ሃስቲ ያላየችው ፊት

ኮልያሳር፣ የካቲት 24

ይድረስ ለአጎቴ ለሁክማ፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎት እናቴ ሳታውቅ ነው።  

ራም ራም፣ አጎቴ። በሰው አገር ፀሐይ ላይ የቆመ ሰውነትዎን ራምዴቭ በጥላው ይያዝልዎት። እኛ በሕይወት አለን። ፍየሏ መንታ ወልዳለች። በጉድጓዱ ያለው ውኃም እስከ ሆሊ በዓል ያደርሰናል ይላሉ።

የጽሕፈቴን ነገር ይታገሡኝ፤ ትምህርቴን አምስተኛ ክፍል ላይ ነው የተውኩት። እኔ የእህትዎ የጋቭሪ ልጅ ዳፑ ነኝ። ወደ ዐረብ አገር፣ ወደ ሙስካት ሊሄዱ ሲሰናበቱን «ነይ ልሳምሽ» ቢሉኝ ከበሩ ኋላ አልወጣም ያልኩት እኔ ነኝ። አሁን ዐሥራ ስድስት ዓመት ሆኖኛል፤ እንግዳ ሲመጣ ግን ዛሬም ከበሩ ኋላ ነኝ። የመንደሩ ሴቶች «ድዳዋ» ይሉኛል።

የምጽፍልዎት ስለ አባቴ ነው። እንደሚያውቁት፣ ጎረቤታችንን ሉምባን ገድለሃል ተብሎ ዕድሜ ልክ ከተፈረደበት ወዲህ ጆድፑር ወህኒ ቤት ነው። ይግባኙ ለከፍተኛው ፍርድ ቤት ከገባ በኋላ ተረስቶ ነበር። የአባቴ ታላቅ ወንድም፣ ትልቁ አባባ፣ የቀጠሩልን ጠበቃ በቀጠሮው ቀን አይገኝም ነበርና ፍርድ ቤቱ ሌላ መደበለት። አሁን ያለችው ማንጁላ የምትባል ሴት ናት። እስር ቤት ድረስ ሄዳ አባቴን ብታናግረው ምንም አልነገራትም። ለእናቴም «በክረምቱ ይሰማል፤ የምታውቁት ነገር ካለ አሁን ንገሩኝ። ይህ ካለፈ ከዚያ የሚወጣው ሬሳው ነው» ብላ ላከችባት።

እናቴ የፍርዱን ወረቀት ከሣጥን አውጥታ ለትልቁ አባባ ይዛ ሄደች። «ወረቀት ሰው አያስፈታም፣ መልሰሽ ክተቺው» ብለው መለሷት። እኔ ፊደሉን አነበዋለሁ፤ ቃሉ ግን የፍርድ ቤት ነው፣ አይገባኝም። አባቴ በምን እንደተፈረደበት እስከ ዛሬ አላውቅም። ሲያስሩት ታምሜ ነበር፤ ከዚያ አያቴ ዘንድ ሰደዱኝ፤ ስመለስ ነገሩን የሚያነሳው ሰው አልነበረም።

እርስዎ ዘንድ የሚያነብ ሰው ካለ አስገልብጬ ልላክልዎት? ስልኩ ያለው በትልቁ አባባ ቤት ነው፤ አንድ ሰው ሲያወራ ሁሉም ከበው ያዳምጣሉ። መልሱን በጤና ሠራተኛዋ በኬሲ ስም ይላኩልኝ።

የእህትዎ ልጅ ዳፑ


ሙስካት፣ መጋቢት 15

ለእህቴ ልጅ ለዳፑ፣

ራም ራም፣ ልጄ። ዕድሜሽ ይርዘም፣ የጻፈችው እጅሽ አትድከም። ደብዳቤሽን ያቀበለኝ የካምፑ ዘበኛ «ሚስት አገኘህ እንዴ?» ብሎ አሾፈብኝ። «ከሚስት የምትበልጥ» አልኩት። ያቺ ከበር ኋላ የማትወጣ አይጥ ይህን ሁሉ ቃል ከየት አመጣችው እያልኩ ደጋግሜ አነበብኩት።

እኔ ደህና ነኝ። ሙቀቱ ገና ነው፤ ሲጀምር ብረቱ በጓንትም አይያዝ። ምሳችን ሩዝ፣ እራታችን ሩዝ ነው። በቀደም የእናትሽን የማሽላ ቂጣ በሕልሜ እየበላሁ ስነቃ የትራሴን ጫፍ አፌ ውስጥ አገኘሁት።

ወረቀቱን ላኪው። ከእኔ አልጋ በላይ የሚተኛ ብያስ የሚባል የቢካኔር ሰው አለ፤ እዚህ ከመምጣቱ በፊት ጠበቃ ቤት ጸሐፊ ነበር። ምላሱ መራራ ነው፤ ሥራውን ግን ያውቃል። «የፍርድ ቤት ቋንቋ ማለት ባለጉዳዩ ቢገባው ጠበቃው ሻይ ሳይጠጣ ይሞታል ተብሎ የተፈጠረ ነው» ይላል።

አንድ ነገር ግን አደራ። ደብዳቤሽን ወደ ካምፑ እንጂ ወደ መሥሪያ ቤቱ አትላኪ፤ ጎርዳን እንዳያየው። ጎርዳን የትልቁ አባባሽ የቢንጃራም ልጅ ነው፤ መጥፎ ነው ማለቴ አይደለም። ቪዛዬን ያወጣልኝ እሱ ነው፣ አለቃዬም እሱ ነው፣ ፓስፖርቴም የሚቀመጠው እሱ ዘንድ ነው። ብቻ ነገሩ ለጊዜው በእኔና በአንቺ መካከል ይቆይ።

የአባትሽ ሳል እንዴት ነው? ለመድኃኒቱ የምትሆን ጥቂት ነገር ለእናትሽ ልኬያለሁ።

አጎትሽ ሁክማ


ኮልያሳር፣ ሚያዝያ 4

ይድረስ ለአጎቴ ለሁክማ፣

ራም ራም። የላኩት ሲደርሰን እናቴ ገንዘቡን ግንባሯ ላይ አስነክታ ወደ ባሕሩ በኩል ሰገደችልዎት። ባሕሩ በየት በኩል እንደሆነ ስለማታውቅ ወደ መንገዱ ነው የሰገደችው። ፈጣሪ ይቁጠርልዎት።

ወረቀቱን አውቶቡስ መቆሚያው ጋ ካለው ሱቅ አስገልብጬ ከዚህ ጋር ልኬዋለሁ።

አባቴን ጠይቀነው ተመለስን። የምናየው በሽቦ ወንፊት በኩል ነው። በዚህ ወገን ቤተሰቡ ይጮኻል፣ በዚያ ወገን እስረኛው ይጮኻል። እኔ መጮኽ ስለማልችል ጣቴን ብቻ በሽቦው ቀዳዳ አስገባሁለት። እሱም በጣቱ ነካኝ። ጣቱ በምንጣፍ ክር ተልጧል።

«ሸማኔ ሆኜልሻለሁ» አለኝ። «ለሠርግሽ ምንጣፍ እሠራልሻለሁ።»

«መቼ ሊወጡ ነው?» አለች እናቴ።

«ምንጣፉ ሲያልቅ።»

«ቀልዱን ይተዉት! ያቺ ጠበቃ ከሩቅ መጥታ ስትጠይቅዎት ምን ሆነው ነው ዝም ያሏት?»

ያን ጊዜ ሳል ያዘው። ከጎኑ ያለው እስረኛ «ወዲያ ዞረህ ሳል!» ሲለው «አንተ ዙር፣ እኔ ሚስቴን እያየሁ ነው» አለው። እናቴ ሻሿን ወደ ዓይኗ ሳበችው፤ እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች አልለየሁም። ከዚያ አባቴ ቀስ ብሎ «ወንድሜ ደህና ነው?» አለ። ሁልጊዜ የሚጠይቀው ትልቁ አባባን ነው። ስለ እርሻው አይጠይቅም፣ ስለ ይግባኙም አይጠይቅም።

በአውቶቡሱ ስንመለስ እናቴን ለምን እንዲህ እንደሚሆን ጠየቅኋት። «እናትና አባታቸው በድርቁ ዘመን ሲሞቱ አባትሽን በትከሻቸው ተሸክመው ያሳደጉት እሳቸው አይደሉ» አለችኝ። 

ዳፑ


ሙስካት፣ ግንቦት 2

ለዳፑ፣ ለልጄ፣

ጤናሽን አብዝቶ ይስጥሽ። ለእናትሽም ብርታቱን ያድላት።

ዓርብ ሥራ ስለሌለን ብያስ መነጽሩን ሰክቶ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አነበበልኝ። ነገሩ በአጭሩ እንዲህ ነው። አባትሽ ሉምባን ሲመታው አየሁ ያለች አንዲት ሰው ብቻ ናት፤ እሷም የሟቹ ሚስት ሃስቲ ናት። በነሐሴ፣ ማሽላው ቆሞ ሳለ፣ እኩለ ቀን ላይ፣ በእናንተና በእነሱ እርሻ መካከል ካለው የእሾህ አጥር ሥር ሉምባ በመጥረቢያ ጀርባ ተመቶ ወደቀ። እሷ ለፍየሎቿ ቅጠል ተሸክማ እየመጣች ነበር። «ፑሳራም ባሌን ሲመታው በዓይኔ አይቻለሁ፤ በደንብ ለይቼዋለሁ» ብላለች ይላል ወረቀቱ።

ሌላው ማስረጃ ፖሊስ ከቤታችሁ ያወጣው የአባትሽ ጫማ ነው፤ ግራው በቀይ ቆዳ የተጠገነው። የሉምባ ደም ተገኝቶበታል። ዳኛው «ያየች ምስክር አለች፣ ደም ያለበት ጫማ አለ፣ ይበቃል» ብሎ ፈረደ። የእናንተ ጠበቃ ሃስቲን የጠየቃት «ባለቤትሽና ተከሳሹ ጸብ ነበራቸው ወይ?» ብሎ ብቻ ነው። «ነበራቸው» አለች፤ ተቀመጠ። ብያስ እዚህ ላይ ሲደርስ ወረቀቱን አልጋው ላይ ወርውሮ «ይህ ሰውዬ ጠበቃ ነው ወይስ የከሳሽ አማች?» አለ።

ልጄ፣ አንቺ ያን ጊዜ እዚያው ግቢ ውስጥ ነበርሽ። የምታውቂው ነገር ካለ፣ የቱንም ያህል ትንሽ ይሁን፣ ጻፊልኝ። አትፍሪ። ከኋላሽ እኔ አለሁ። ጠበቃዋ ኑ ብትል አሳፍሬ የምልካችሁ እኔ ነኝ፤ ማንም ክፉ ቢናገርሽ የሚመልስልሽ እኔ ነኝ። የወንድ ዘመድ የላትም እንዳይሉሽ።

አጎትሽ ሁክማ


ኮልያሳር፣ ግንቦት 20

ይድረስ ለአጎቴ ለሁክማ፣

ራም ራም። ያነበበልንን ሰው ዓይኑን ይጠብቅለት።

ደብዳቤዎን እንዳነበብኩ ፍየሎቹን ይዤ ወጣሁ፤ ስመለስ አንዷን ረስቼ ነው የተመለስኩት።

አጎቴ፣ ሃስቲ አባቴን ለይታ ልታየው አትችልም። ሉምባ በዕድሜ ከአባቴ ያንስ ነበር፤ ስለዚህ በመንደራችን ደንብ ሚስቱ በአባቴ ፊት ሻሿን እስከ አገጯ ነው የምታወርደው። ተሞሽራ ወደዚህ መንደር ከገባች ጀምሮ የአባቴን ፊት አይታው አታውቅም። እናቴን ነገር ሳላስመስል ጠየቅኋት።

«እናንተ ከሻሽ ሥር ሆናችሁ ወንዱን በምን ነው የምትለዩት?»

«በጫማው ነዋ!» አለች፣ ሽንኩርት እየላጠች። «መሬት መሬቱን እያየን አይደል የምንሄደው? የመንደሩን ወንድ ሁሉ ጫማ አውቀዋለሁ። ፊታቸውን ቢያሰልፉልኝ ግን ግማሹን የት አውቄው።» ብቻዋን ሳቀች።

የእኛ መንደር ሴት «አየሁት» ስትል ጫማውን አየሁ ማለቷ ነው። ፖሊሱ የጻፈው ግን ሌላ ነው፤ የከተማ ዳኛም ይህን ከየት ያውቃል?

የሚቀጥለው ከዚህ ይከብደኛል። ያን ጊዜ ታይፎይድ ይዞኝ ግቢው ውስጥ ከኒሙ ዛፍ ሥር ተኝቼ ነበር። አባቴ እኔ እንድድን ለራምዴቭ በዓል ወደ መቅደሱ በባዶ እግሩ ሊሄድ ተስሎ ነበር። ከተሳለበት ቀን ጀምሮ ጫማ አላደረገም። ማሽላውን ሲያርም እንኳ በባዶ እግሩ ነበርና እናቴ ማታ ማታ እሾህ ታወጣለት ነበር። ጫማው በራፉ ጋ ተቀምጦ አቧራ ለብሶ ነበር።

ያን ቀን ትልቁ አባባ መጡ። የጫማቸው ማሰሪያ ተበጥሶ እየጎተቱት ነበር። ማሰሪያውን ተሳደቡ። ከዚያ አወለቁትና የአባቴን ጫማ ተጫምተው በእርሻው በኩል ወጡ። ሲወጡ «ውኃ ጠጣሽ?» አሉኝ። «ጠጥቻለሁ» አልኳቸው። ሲመለሱ የአባቴን ጫማ በቦታው አስቀምጠው ያን የተበጠሰውን እየጎተቱ ወደ ቤታቸው ሄዱ። 

ይህን ሁልጊዜም አውቀው ነበር። ግን የማውቀው እንደ ጫማ ነገር ነው። በጫማ ሰው ዕድሜ ልክ እንደሚታሰር ማን ነግሮኝ?

አባቴን ሊያስበሉት አስበው ነው አልልም። ማሰሪያው በእርግጥ ተበጥሶ ነበር። ግን ከዚያ ወዲህ ዝም ብለዋል። አባቴም ባዶ እግሩን እንደነበረ እያወቀ ዝም ብሏል። «እኔ አላደረግሁትም» ካለ «ታዲያ ማን አደረገው?» ተብሎ እንደሚጠየቅ ያውቃል።

ለጠበቃዋ ልንገራት? እርስዎ አድርጊ ያሉኝን አደርጋለሁ።

ዳፑ


ኮልያሳር፣ ሰኔ 18

ይድረስ ለአጎቴ ለሁክማ፣

ራም ራም። ጤናዎን ይመልስልዎት፤ አሞዎት እንደሆነ ብዬ ነው። ኬሲን በየጊዜው እጠይቃታለሁ። «ከአጎትሽ ነው ወይስ ከእጮኛሽ የምትጠብቂው?» ትለኛለች።

እናቴን ጠየቅኋት። «አባባ ባዶ እግሩን እንደነበረ ታውቂያለሽ፤ እሾህ ታወጪለት የነበርሽው አንቺ ነሽ፤ ለምን አልተናገርሽም?» አልኳት። ሊጡን ጠፍጥፋ ምጣዱ ላይ ጣለች።

«አባትሽ ዝም ካለ እኔ ማን ነኝ?» አለች። «እርሻው በማን ስም ነው? የምንቀዳው ከማን ጉድጓድ ነው? አንቺንስ የሚድርሽ ማነው? አፍሽን ዝጊና ቂጣውን ገልብጪ፣ እያረረ ነው።»

አባቴን ወደ እስር ቤቱ ሕክምና ክፍል እንደወሰዱት ተነግሮናል። የሚተፋው ደም አለበት አሉ። ይግባኙ ሐምሌ 9 እንዲሰማ ተቀጥሯል። የእኔ የእጮኝነት ሥነ ሥርዓትም ለዚያው ቀን ተቆርጧል። ቀኑን የቆረጡት ትልቁ አባባ ናቸው፤ «ጥሩ ቀን ነው፣ ካህኑን ጠይቄያለሁ» አሉ።

ትናንት በግቢያችን ሲያልፉ ቆም ብለው «የሙስካቱ አጎትሽ ደብዳቤ ይጽፍልሻል አሉ» አሉኝ። ማን እንደነገራቸው አላውቅም። እኔ ለማንም አልነገርኩም፤ ኬሲም አልተናገረችም። «አዎ» አልኩ። «ጥሩ ነው፣ ዘመድ ይጠያየቃል» ብለው ራሴን ዳበሱኝ።

ይጻፉልኝ። አንድ መስመርም ይበቃኛል።

ዳፑ


ሙስካት፣ ሰኔ 28

ለተከበርሽ ለእህቴ ልጅ ለዳፑ፣

የላይኛው ጌታ ጤናና ደስታ ይስጥሽ። እኔ እጅግ በጣም ደህና ነኝ። ሥራው ጥሩ ነው። ምግቡም በጣም ጥሩ ነው።

ስለ እጮኝነትሽ ሰምቼ ደስ ብሎኛል። ቤተሰቡ የታወቀ ነው። ትልቁ አባባሽ እንደ አባት ሆነው ማሰባቸው የሚያስመሰግናቸው ነው፤ ውለታቸው አይረሳም።

በግንቦት ደብዳቤሽ የጻፍሽውን ነገር አሰብኩበት። ያን ጊዜ ልጅ ነበርሽ፤ ከባድ ትኩሳትም ነበረብሽ። ትኩሳት ያለበት ሰው ያልነበረ ያያል። ጠበቃዋ ሥራዋን ትሥራ፤ አንቺ ወደ ጆድፑር መሄድ አያስፈልግሽም። ሴት ልጅ ፍርድ ቤት ቆመች ከተባለ ማን ያገባታል? የጻፍኩልሽንም ደብዳቤዎች አቃጥያቸው፤ የማይረቡ ናቸው።

ብያስ ወደ ሌላ ካምፕ ተዛውሯል። ጎርዳን እዚህ አጠገቤ ተቀምጧል፤ ሰላም ይልሻል። ለሥነ ሥርዓቱ የሚሆን ስጦታም ልኮልሻል።

አጎትሽ ሁክማ


ኮልያሳር፣ ሐምሌ 8

ይድረስ ለአጎቴ ለሁክማ፣

ይህን ከዐሥር ዓመት በኋላም ቢሆን ለብቻዎ ሆነው የሚያነቡበት ቦታ ያግኙ። ምርቃቴ ይኸው ነው።

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። አልተቀየምኩም። «ምግቡ በጣም ጥሩ ነው» የሚለውን ሳነብ ጎርዳን አጠገብዎ መቀመጡን ወደ ስሙ ሳልደርስ አወቅሁት። ፓስፖርትዎ በእጁ እንደሆነ አልረሳሁም።

ዛሬ ጠዋት በኬሲ ስልክ ጠበቃዋን አናገርኳት። ኬሲ የከብቶቹን በረት ዞራ ቆማ ሰው ትጠብቅልኝ ነበር። ያየሁትን ስነግራት ጠበቃዋ «ጮክ በዪ! ጮክ በዪ!» ትለኛለች። ስጨርስ «ልጄ፣ ዳኞቹ ፊት እንዲህ ከተናገርሽ ከአንቺ ይልቅ የሚሰማው ማራገቢያው ነው» አለችኝ።

ከዚያ በደንብ አስረዳችኝ። በይግባኝ ላይ አዲስ ቃል የሚሰማው ዳኞቹ ከፈቀዱ ብቻ ነው፤ ብዙ ጊዜም አይፈቅዱም። የእኔ ቃል ብቻውን የታሳሪ ልጅ ቃል ነው፣ ለአባቷ ነው የምትናገረው ይባላል። ሃስቲ ራሷ ፊት አላየሁም ብትል ግን ሌላ ነው። «ነገ ችሎቱ ሳይጀመር ሁለታችሁም ደጄ ላይ ከቆማችሁ የማስገባው ማመልከቻ አለኝ» አለችኝ። «ካልመጣችሁም እከራከራለሁ። ግን በምን እንደምከራከር አላውቅም።»

ከሰዓት በኋላ ሃስቲን ኩሬው ዳር አገኘኋት። ብቻዋን ፍየሎቿን ታጠጣለች። ከጸቡ ወዲህ ቤታችንና ቤታቸው አይነጋገርም። ስታየኝ ዱላዋን አነሳች፤ ለፍየሎቹ ይሁን ለእኔ እንጃ።

«ምን ትፈልጊያለሽ፣ የገዳይ ልጅ?»

ወደ ውኃው ዳር ሁለት እርምጃ ቀረብኳት።

«ዛሬም ድዳ ነሽ? ነገ ሽማግሌዎቹ የእጮኝነቱን ኮኮናት ይዘው ይመጡልሻል አሉ። ባልሽ ድዳ እንደሚያገባ ነግረውታል? ወይስ የሠርጉ ቀን እንዲገርመው ነው?»

«ያን ቀን...» አልኩ፤ «የአባቴን ፊት አይተሻል?»

ፊቷ በቁጣ ተለወጠ። «የማንን ፊት? ባለጌ መሰልኩሽ? የባሌን ታላላቆች ፊት ገልጬ የማይ ሴት ነኝ? አባትሽን ፊቱን አይቼው አላውቅም! ፍርድ ቤትም በተከሳሽ ሳጥን ውስጥ ያለው እሱ ነው ብለውኝ ነው በጣቴ ያሳየሁት። ሻሼን አላነሳሁም።»

«ታዲያ ምኑን ነው ያየሽው?»

«ጫማውን ነዋ! ቀይ ጥጋኝ ያለበትን። ፖሊሱ 'ፑሳራም ነው?' አለኝ፣ 'አዎ' አልኩ። ሌላ ማን ነው ያን ጫማ የሚያደርግ?»

«ጫማው የአባቴ ነው። እግሩ ግን የእሱ አልነበረም። ያን ወር ሙሉ ባዶ እግሩን ነበር፤ እኔ ታምሜ ተስሎልኝ።»

«ስለቱን በምን አውቄ? ከእናንተ ጋር ሰላምታ አልነበረንም።» ዱላዋን ተደግፋ ውኃውን ስታይ ቆየች። አንዷ ፍየል ጭቃው ውስጥ ገብታ ስትጮህም ዞር አላለችም። ከዚያ «እግሩ የማን ነበር?» አለች።

አጎቴ፣ ስሙን ልጠራላት አልቻልኩም። የታላቅ ስም በእኛ ቤት አይጠራም። እኔ ስማቸውን ከተወለድኩ ጀምሮ በአፌ ጠርቼው አላውቅም፤ ለእርስዎ በጻፍኩት ሁሉ ውስጥ እንኳ አልጻፍኩትም።

«ተናገሪ እንጂ!» ብላ ክንዴን ያዘችኝ። «ባሌን የገደለው ማነው? ይህን ሁሉ ዘመን ጥርሴን ነክሼ አንድ ስም ስረግም ኖሬያለሁ። በልቼ ስጨርስ እረግመዋለሁ፣ ስተኛ እረግመዋለሁ። አሁን መጥተሽ ያን ስም ከአፌ ልትነጥቂኝ ነው? ከወሰድሽብኝ ሌላ ስጪኝ!»

«አልችልም» አልኳት።

ለቀቀችኝ። ፍየሏን ከጭቃው ጎትታ አወጣቻት። «እንግዲያው አልሰማሁሽም» አለች። «በአፍሽ ጠርተሽ የነገርሽኝ ቀን ጫማ አየሁ እንጂ ፊት አላየሁም ብዬ ለዳኛውም ለፖሊሱም እናገራለሁ። ጆድፑር ድረስ ቢሆን እሄዳለሁ። በዝምታሽ ግን አንድ እርምጃ አልንቀሳቀስም። ዝም ያለ ሰው በቅቶኛል።»

ሄደች። እኔ እዚያው ቀረሁ።

ቤት ስመለስ ግቢው በሰው ተሞልቷል። የትልቁ አባባ ምራቶች ግድግዳውን በኖራ ይለቀልቃሉ፤ ጣፋጩ በትልቅ ብረት ድስት ይበስላል። ትልቁ አባባ አልጋ ላይ ተቀምጠው ማን የት እንደሚቀመጥ ያዝዛሉ። «ነይ እስቲ ቅመሺው፣ ስኳሩ በቃው?» ብለው በማንኪያ ሰጡኝ። ቀመስኩት። ስኳሩ በቅቶታል።

ከተናገርኩ የሚሆነውን አስቤዋለሁ። እናቴና እኔ ከዚህ ግቢ እንወጣለን፤ ከጉድጓዱም ውኃ አያስቀዱንም። እርስዎንም ጎርዳን ምን እንደሚያደርግዎት አላውቅም። ለዚህ ይቅርታ አልጠይቅዎትም፤ ቢቀየሙኝ ግን አለቅሳለሁ። ትልቁ አባባን ፖሊሶቹ አባቴን በወሰዱበት መንገድ ይወስዷቸዋል፤ ሽማግሌ ናቸው፣ አይመለሱም። አባቴ ቢወጣም በደስታ አይወጣም። ምናልባት ከእኔ ጋር አይነጋገርም። ደም እየተፋ ከሚሞትብኝ ግን ተቀይሞኝ ይኑር።

ዳኞቹ ላይፈቅዱም ይችላሉ። ይህንንም አስቤዋለሁ።

ይህን ደብዳቤ ኬሲ ጋ አስቀምጠዋለሁ እንጂ አልልከውም፤ ጎርዳን ሊያነበው ስለሚችል። አንድ ቀን ሲመለሱ ትሰጥዎታለች።

ነገ እንግዶቹ ኮኮናታቸውን ይዘው ከመድረሳቸው በፊት፣ የጆድፑሩ አውቶቡስ በኩሬው በኩል ሳያልፍ፣ የሃስቲን በር አንኳኳለሁ። ስትከፍትልኝ «ቢንጃራም» እላታለሁ። ካልሰማችኝ ድምፄን ከፍ አድርጌ እደግመዋለሁ፤ ግቢያችን ድረስ ይሰማ።

ዳፑ